ከስልክ ወደ ቲቪ ያለ ገመድ፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ ደጋግመው የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ቀላሉ ከላይ፣ አስቸጋሪው ከታች።

ስልኬ ላይ ያለውን ቪዲዮ ያለ ገመድ ቲቪ ላይ ማሳየት እችላለሁ?

ይችላሉ። ቲቪው ስማርት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ስማርት ካልሆነም ኤችዲኤምአይ መሰኪያ እስካለው ድረስ አንዲት ትንሽ ዕቃ ከኋላው መሰካት ይበቃል። መሰኪያው ከቲቪው ጀርባ ወይም ጎን ያለው፣ የዘመኑ የዲሽ ሪሲቨር ገመድ የሚገባበት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ነው።

ስልኩ ውድ መሆን የለበትም። ዋናው ነገር ስልኩና ቲቪው ሁለቱም የሚያውቁት አሠራር መኖሩ ነው።

ሚራካስት፣ ካስት፣ ኤርፕሌይ፣ ዲኤልኤንኤ ይባላል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ስሙ ብዙ ይሁን እንጂ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ቲቪው ላይ የሚታየው ምስል ከየት ነው የሚመጣው? ከስልኩ ነው ወይስ ቲቪው ራሱ ከኢንተርኔት እየሳበው? ይህን ከለዩ ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች ግማሹ ያለ እኔ እርዳታ ይፈታል።

ሚራካስት የስልኩን ስክሪን እንዳለ ወደ ቲቪው ይገለብጣል። ዋይፋይ አላያንስ የተባለው የአምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ሲሆን፣ ስልኩና ቲቪው ራውተር ሳያስፈልጋቸው በቀጥታ ይገናኛሉ። የስልኩ ስክሪን ሲጠፋ ቲቪውም ይጨልማል፤ ባትሪም ይበላል። ካስት ደግሞ ጉግል በ2013 ክሮምካስት ከተባለው፣ ቲቪ ላይ ከሚሰካ ትንሽ ዕቃ ጋር ያመጣው ነው። እዚህ ላይ ስልኩ ትእዛዝ ሰጪ ብቻ ነው፤ ቪዲዮውን ከኢንተርኔት የሚያወርደው ቲቪው ወይም ክሮምካስቱ ነው። ስለዚህ ዩቲዩብ ካስት አድርገው ስልኩን ኪስዎ ከተው ገበያ ቢወጡ ልጆቹ ቤት ሆነው ማየታቸውን ይቀጥላሉ።

ኤርፕሌይ የአፕል ነው፤ በ2010 የመጣ ሲሆን ሁለቱንም መንገድ ይችላል። ዲኤልኤንኤ ከሁሉም ያረጀ ነው፤ ሶኒን ጨምሮ አምራቾች በ2003 ባቋቋሙት ማኅበር የወጣ መስፈርት ነው። ማኅበሩ በ2017 ቢበተንም መስፈርቱ ዛሬም በብዙ ቲቪዎች ውስጥ አለ። ስክሪን አይገለብጥም፤ ስልክዎ ላይ የተቀመጠውን ፋይል በማጋሪያ አፕ (ለምሳሌ ባብልዩፒኤንፒ) ሲያጋሩት ቲቪው በራሱ ማጫወቻ ይከፍተዋል። ስሙን እንኳ የሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ለእኛ ሁኔታ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው ባይ ነኝ።

ሴቲንጉ የት ነው? የእኔ ስልክ ላይ አይታየኝም።

አምራቹ ሁሉ የየራሱን ስም ነው የሚሰጠው። ሳምሰንግ ስልክ ላይ ከላይ ወደ ታች ስበው በሚወርደው ሰሌዳ ላይ "ስማርት ቪው" የሚለውን ይፈልጉ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሻዎሚ ላይ "ካስት"፣ "ስክሪን ካስት" ወይም "ዋየርለስ ዲስፕሌይ" ይባላል። አይፎን ላይ ኮንትሮል ሴንተርን ከፍተው "ስክሪን ሚረሪንግ" የሚለውን ይጫኑ። ካጡት ሴቲንግ ውስጥ ገብተው በመፈለጊያው "ካስት" ብለው ይጻፉ።

ቲቪው ላይም መክፈት ይኖርብዎታል። ኤልጂ ላይ "ስክሪን ሼር"፣ ሃይሴንስ ላይ "ኤኒቪው ካስት" ይባላል። ሳምሰንግ ቲቪ ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው፤ ስልኩ ሲጠራው በሪሞት "ፍቀድ" ማለት ብቻ ነው። የጉግል ፒክስል ስልክ የያዘ ሰው ግን ሚራካስትን አይፈልግ፤ ስልኩ የሚያውቀው ካስትን ብቻ ነው።

ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራል?

ሚራካስትና ዲኤልኤንኤ ይሠራሉ። በ2015 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ እንኳ እነዚህ ሁለቱ የሚያቆማቸው ነገር አልነበረም። የሚያስፈልጋቸው በስልኩና በቲቪው መካከል ያለው የዋይፋይ ሞገድ ነው እንጂ ከውጭ የሚመጣ መስመር አይደለም። ስልክዎ ላይ የተቀመጠ ፊልም፣ የሠርግ ቪዲዮ ወይም መዝሙር ካለ አንድ ሜጋባይት ሳያወጡ ቲቪ ላይ ያዩታል።

ካስት ግን ያለ ኢንተርኔት አይታመንም። ስልክዎ ላይ ያለን ፋይል ካስት ቢያደርጉም እንኳ ክሮምካስቱ ማጫወቻውን ከጉግል ሰርቨር መጫን ይፈልጋል፤ ኔት ከሌለ እዚያው ላይ ይቆማል። "ፋይሉ እጄ ላይ እያለ ለምን ኔት ይጠይቀኛል?" ለሚለው መልሱ ይኸው ነው።

ራውተር የለንም። በስልኬ ሆትስፖት ይሆናል?

ለሚራካስት ራውተርም ሆትስፖትም አያስፈልግም። ለዲኤልኤንኤና ለዩቲዩብ ግን ሆትስፖት በደንብ ያገለግላል፦ ስልክዎ ላይ ሆትስፖት ይክፈቱ፣ ቲቪውን ከዚያ ዋይፋይ ጋር ያገናኙ፣ ከዚያ ከዚያው ስልክ ያጫውቱ። ዲኤልኤንኤ ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት ዳታውን አጥፍተው ሆትስፖቱን ብቻ መክፈት ይችላሉ፤ ካርድዎም አይነካም።

ክሮምካስትን በሆትስፖት መጀመሪያ ለማስተካከል ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ስልክ ይጠይቃል፦ አንዱ ሆትስፖት ይሆናል፣ ሌላው ክሮምካስቱን ያስተካክላል። ሌላም ነገር አለ። አሮጌ ቲቪዎች 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ዋይፋይ ብቻ ነው የሚያዩት። አዲስ ስልክ ሆትስፖቱን በ5 ጊጋኸርዝ ከከፈተ ቲቪው ዝርዝር ውስጥ ስሙ ፈጽሞ አይመጣም። አይፎን 12 እና ከዚያ በላይ ላይ በሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ "ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ" የሚለውን ያብሩ፤ አንድሮይድ ላይ ደግሞ "ባንድ" በሚለው ስር 2.4 ይምረጡ።

ዩቲዩብ ካስት ሳደርግ የማን ካርድ ነው የሚበላው? ስንትስ ይበላል?

ቲቪው የተገናኘበት መስመር ነው የሚበላው። ቲቪው በቤት ዋይፋይ ላይ ከሆነ የቤቱ፣ በሆትስፖትዎ ላይ ከሆነ የእርስዎ ጥቅል ነው የሚቀንሰው። መጠኑን ለመገመት ኔትፍሊክስ ራሱ ያወጣው ልክ ይረዳል፦ በሰዓት በመደበኛ ጥራት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በኤችዲ እስከ 3፣ በ4ኬ እስከ 7።

ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ስልክ ላይ በ360 ወይም በ480 ጥራት ያየው የነበረውን ቪዲዮ ቲቪው በራሱ ፈቃድ ወደ 1080 ያሳድገዋል። ቪዲዮው ሲጀምር በቲቪው ሪሞት ጥራቱን ዝቅ ያድርጉ፤ ለዜናና ለቃለ መጠይቅ 480 ይበቃል። የቲቪውን የአፕ አፕዴትም ከአውቶማቲክ ያውጡት። ሆትስፖት ሲያገኝ ማንንም ሳይጠይቅ ማውረድ ይጀምራል፣ ጥቅሉ ሲያልቅም ተወቃሹ ቪዲዮው ይሆናል።

ቲቪዬ ስማርት አይደለም። ምን ልግዛ?

ሦስት ምርጫ አለ። ርካሹ የሚራካስት ዶንግል ነው፤ ኤችዲኤምአይ ላይ ይሰካል፣ ስክሪን ይገለብጣል፣ ሌላ ሥራ የለውም። አንድሮይድ ቦክስ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ቲቪውን ስማርት ያደርገዋል፤ ፍላሽ ይቀበላል፣ ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ይጫንበታል፣ ኤርስክሪን የሚባለውን አፕ ከጫኑበት ከአይፎንም ከአንድሮይድም ይቀበላል። ገንዘቡ ካለዎት ቦክሱን ይግዙ እላለሁ።

ሦስተኛው ክሮምካስት ነው። ጉግል በ2024 ማምረት አቁሞ በሌላ ዕቃ ተክቶታል። ያገለገለ ሲገዙ ትውልዱን ይጠይቁ፦ የመጀመሪያው ትውልድ ድጋፉ በ2023 ቆሟል። የሁለተኛው ትውልድ ደግሞ በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) የደኅንነት ሰርቲፊኬቱ ጊዜ አልፎበት በመላው ዓለም ለቀናት ሥራ አቁሞ ነበር፤ በኋላ ተስተካክሏል።

የትኛውንም ቢገዙ ኃይሉን ከቲቪው ዩኤስቢ ከመውሰድ ከስልክ ቻርጀር መውሰድ ይሻላል። የአሮጌ ቲቪ ዩኤስቢ ኃይሉ ደካማ ነው፤ ዕቃው መሃል ላይ ይጠፋና ይነሣል። ኤችዲኤምአይ የሌለው፣ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ቀዳዳ ብቻ ያለው ቲቪ ከሆነ ኤችዲኤምአይን ወደ ኤቪ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ይጨምሩ፤ ምስሉ ግን ደብዘዝ ይላል፣ ጽሑፍ ለማንበብም ያስቸግራል።

ለምን አንድ ኬብል ገዝቼ አልገላገልም?

ስልክዎ ከቻለ እንዴት ያለ መገላገል ነው! ግን አብዛኛው ርካሽ ስልክ አይችልም። የቻርጀር ቀዳዳው ዩኤስቢ ሲ መሆኑ ብቻ በቂ አይደለም፤ ምስል በዚያ ቀዳዳ ማውጣት የሚችል ስልክ መሆን አለበት። የሳምሰንግ ኤስ ተከታታይ ዋና ሞዴሎች ይችላሉ፤ ኤ ተከታታዮቹ በአብዛኛው አይችሉም። አይፎን ከ15 ጀምሮ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ያሉት የአፕል አስማሚ ይፈልጋሉ። ሱቅ ውስጥ ከመክፈልዎ በፊት ስልክዎን እዚያው ሰክተው ይሞክሩ፤ ባለሱቁ "ለሁሉም ይሠራል" ቢልም።

ስልኬ አይፎን ነው። ቲቪዬን ለምን አያገኘውም?

አይፎን ሚራካስትን አያውቅም። ቲቪው ኤርፕሌይ ያለው መሆን አለበት፤ ሳምሰንግ፣ ኤልጂና ሶኒ ከ2018 እና ከ2019 ወዲህ ባወጧቸው በርካታ ሞዴሎች ላይ አለ። ከዚያ ሁለቱም አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ። የሌለው ቲቪ ከሆነ ከላይ ያልነው አንድሮይድ ቦክስ ከኤርስክሪን ጋር መፍትሔ ነው።

ምስሉ ይቆራረጣል። ኔቱ ነው ወይስ ቲቪው?

መጀመሪያ ወደዚያ ጥያቄ ይመለሱ፦ ምስሉ ከየት ነው የሚመጣው? ዩቲዩብ ካስት እያደረጉ ከሆነ አዎ፣ ኔቱ ሊሆን ይችላል። ስልክዎ ላይ ያለን ፊልም በሚራካስት እየገለበጡ ከሆነ ግን ኔቱ ምንም አያገባውም፤ ችግሩ ክፍሉ ውስጥ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ዋናው ጥፋተኛ ቡፌው ነው። ቲቪው ቡፌ ውስጥ ገብቶ፣ ራውተሩ ከቲቪው ጀርባ ተወሽቆ፣ ከፊቱ ብርጭቆና የፎቶ ፍሬም ተደርድሮ የሚቆራረጥበትን ቤት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የቲቪው የዋይፋይ አንቴና ጀርባው ላይ ነው፤ ከእንጨቱና ከግድግዳው መሃል ተጣብቆ ሞገዱ እንዴት ይድረሰው? ራውተሩን ከቡፌው አናት ላይ አውጥተው ያስቀምጡትና ልዩነቱን ያዩታል። ዶንግል ከሆነ ደግሞ አብሮት በሚመጣው አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ከቲቪው ጀርባ ወደ ጎን ያውጡት።

ግድግዳም አለ። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው ግን ብሎኬት አይወድም፤ 2.4 ግድግዳ ያልፋል፣ ነገር ግን የጎረቤት ራውተር ሁሉ እዚያ ላይ ስለሚጫጫን ይጨናነቃል። ስልኩና ቲቪው አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ 5ን፣ ራውተሩ ሌላ ክፍል ከሆነ 2.4ን ይሞክሩ። ብሉቱዝም በ2.4 ላይ ነው የሚሠራው፤ የብሉቱዝ ስፒከር አብሮ ሲከፈት መቆራረጡ ከባሰ ስፒከሩን ከስልኩ አላቅቀው ከቲቪው ጋር በገመድ ያገናኙት።

ምስሉ ቲቪው ላይ ነው፣ ድምፁ ግን ስልኩ ላይ ቀረ።

ስልኩ ከብሉቱዝ ማዳመጫ ጋር ተገናኝቶ ከሆነ ድምፁ ወደዚያ ይሄዳል፤ ብሉቱዙን ያጥፉት። ካልሆነ ግንኙነቱን አቋርጠው እንደገና ያገናኙ። ምስልና ድምፅ የማይገጥም ከሆነ ደግሞ የቲቪውን ምስል ማሳመሪያ ወደ "ጌም ሞድ" ይቀይሩት፤ ቲቪው ምስሉን ለማሳመር የሚያጠፋውን ጊዜ ይቀንሳል።

ፕሌይስቴሽን ላይ የስልኬን ቪዲዮ ማሳየት ይቻላል?

እንደ ፕሌይስቴሽኑ ነው። የሚገርመው አሮጌዎቹ የተሻሉ መሆናቸው ነው። ፕሌይስቴሽን 3 ዲኤልኤንኤን ያውቃል፤ ስልክዎ ላይ በባብልዩፒኤንፒ ዓይነት አፕ ማጋራት ከጀመሩ በቪዲዮ ሜኑው ውስጥ የስልክዎ ስም ይመጣል። ፕሌይስቴሽን 4 ሲወጣ ይህ ነገር አልነበረውም፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) "ሚዲያ ፕሌየር" የሚባል ነፃ አፕ ወጣለትና ከዲኤልኤንኤም ከፍላሽም ማጫወት ጀመረ። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ግን ይህ አፕ የለም፤ ሚራካስትም የለውም፣ ኤርፕሌይም የለውም።

ስለዚህ በ5 ላይ የሚቀረው መንገድ በአፕ ነው። ዩቲዩብ በፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ላይ ስላለ ከስልክዎ ዩቲዩብ ማዘዝ ይችላሉ። የራስዎን ፋይል ለማየት ፕሌክስ የሚባለው አለ፤ ግን ፋይሉ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ለአንድ ፊልም ሲሉ ያን ሁሉ ጣጣ ከማየት ፍላሽ ቲቪው ላይ መሰካት ይቀላል። ኤክስቦክስ ዋን እዚህ ላይ ይበልጣል፤ ከማይክሮሶፍት ስቶር "ዋየርለስ ዲስፕሌይ" የሚባለውን ከጫኑ ሚራካስት ተቀባይ ይሆናል።

ፕሌይስቴሽን ቤት ላላችሁ ወጣቶች አንድ ነገር ልጨምር፦ ደንበኛ በመጠባበቅ ላይ ሳለ የኳስ ቅንጭብ ለማሳየት ኮንሶሉን ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ ቲቪው ስማርት ከሆነ በሌላ ኢንፑት በቀጥታ ቲቪው ላይ ያድርጉት፣ ኮንሶሉ ለጌም ይቅር።

የስልክ ጌም ቲቪ ላይ መጫወት ይሆናል? ተቃራኒውስ?

ካርታ፣ ቼዝና ጥያቄና መልስ ይሆናል። ሩጫና ተኩስ ያለበት ጌም አይሆንም፤ ገልብጦ ለማሳየት የሚወስዳት ሽርፍራፊ ሰከንድ መኪናውን ገደል ትከተዋለች። ተቃራኒው፣ ማለትም የፕሌይስቴሽኑን ጌም ስልክ ላይ መጫወት፣ በ"ሪሞት ፕሌይ" ይቻላል፤ ሶኒ ቢያንስ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ይላል፣ ለጥሩ ጨዋታ ደግሞ 15።

ከቴሌግራም ያወረድኩት ፊልም ቲቪው ዝርዝር ውስጥ አይመጣም።

ቴሌግራም ያወረደውን በራሱ ጓዳ ነው የሚያስቀምጠው፤ የዲኤልኤንኤ አፕ እዚያ አይገባም። ቪዲዮውን ከፍተው ሦስቱን ነጠብጣብ ይጫኑና "ሴቭ ቱ ጋለሪ" ይበሉ። ከዚያ አፑን ዘግተው ሲከፍቱ ይመጣል። ቦታ እጥፍ እንደሚይዝ ግን አይርሱ፤ ካዩት በኋላ አንዱን ያጥፉ።

ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል አርፌያለሁ። ዋይፋዩ ውስጥ ገብቻለሁ፣ ቲቪውም ስማርት ነው፣ ግን ስልኬ ቲቪውን አያየውም።

ሆቴሎች ዋይፋያቸው ላይ ያሉ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ሆን ብለው ይለያዩአቸዋል። ትክክልም ናቸው፤ አለበለዚያ የ204 ቁጥር እንግዳ የ205ን ቲቪ ያዝበት ነበር። ስለዚህ ሁለታችሁም አንድ ዋይፋይ ላይ ብትሆኑም መንገዱ ዝግ ነው። እንግዳ መቀበያውን መውቀስ ጥቅም የለውም።

የሚሠራው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ሚራካስት ነው፤ የሆቴሉን ዋይፋይ ስለማይነካ ክልከላው አይመለከተውም። ሁለተኛው የዩቲዩብ ኮድ ነው፦ በቲቪው ዩቲዩብ ሴቲንግ ውስጥ "ሊንክ ዊዝ ቲቪ ኮድ" ሲሉ 12 አሃዝ ይወጣል፤ እሱን በስልክዎ ዩቲዩብ "ዋች ኦን ቲቪ" ውስጥ ያስገቡ። ግንኙነቱ በኢንተርኔት ስለሆነ ስልክዎ በሞባይል ዳታ፣ ቲቪው በሆቴሉ ዋይፋይ ላይ ቢሆንም ይሠራል። ሦስተኛው የራስዎ ሆትስፖት ነው። ሲወጡ ግን ቲቪው ላይ የገቡበትን አካውንት ሁሉ ዘግተው፣ ኮድ ያስገቡበትን ስልክም አላቅቀው ይውጡ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉ ነገር ይጠፋል።

መብራት ሲመጣ ቲቪው ከራውተሩ ቀድሞ ይነሣል፤ ዋይፋይ ሲፈልግ ያጣና ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። ራውተሩ እስኪነሣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁና ቲቪውን ከሶኬት ነቅለው ይሰኩት፤ በሪሞት ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ካልሆነ ስልኩ ላይ ዋይፋዩን አጥፍተው ያብሩ። ለቲቪው ስታቢላይዘር ያድርጉለት፤ ዶንግሉንና ራውተሩንም በዚያው በኩል ያሳልፏቸው፣ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል መጀመሪያ የሚያቃጥለው ትንንሾቹን ነው።

ሜኑው ይታያል፣ ፊልሙ ሲጀምር ግን ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ብልሽት አይደለም፣ ክልከላ ነው። የክፍያ ፊልም አቅራቢዎች ስክሪን ሲገለበጥ ምስሉን ይደብቃሉ፤ አንዳንድ የባንክ አፖችም እንዲሁ ናቸው። ኔትፍሊክስ በ2019 ኤርፕሌይን ጭራሹን አቁሟል። መፍትሔው ቲቪው ላይ ያለውን የራሱን አፕ መክፈት ወይም አፑ የሚፈቅድ ከሆነ ካስት ማድረግ ነው። "ይህን የሚከፍት አፕ" እያሉ የሚሸጡትን አይመኑ።

የአከራዬ ዋይፋይ ላይ ነኝ። ሌላ ሰው ቲቪዬ ላይ ቪዲዮ ሊከፍት ይችላል? መልእክቶቼስ ይታያሉ?

አንድ ግቢ ውስጥ አከራይና ተከራይ አንድ ራውተር ከተጋሩ፣ አዎ፣ ዩቲዩብ ውስጥ ያለውን የካስት ምልክት የተጫነ ሁሉ የእርስዎን ቲቪ ስም ያያል። የጓሮው ልጅ ዜና መሃል ላይ ካርቱን ቢከፍትብዎ አይገረሙ። ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ "የተፈቀዱ ዕቃዎች" የሚል ዝርዝር አለ፤ የማያውቁትን ይሰርዙ፣ አዲስ ሲመጣም በየጊዜው እንዲጠይቅ ያድርጉ። የቲቪውንም ስም ይቀይሩት፤ ሁሉም "ሊቪንግ ሩም ቲቪ" ሲባል ሰው ሳያውቅም ይሳሳታል።

መልእክቱን በተመለከተ፣ ስክሪን ሲገለብጡ ስልኩ ላይ የሚመጣው ሁሉ ቲቪ ላይ ይወጣል፤ የባንክ ቀሪ ሒሳብዎ በእንግዳ ፊት ሲዘረገፍ ማየት ካልፈለጉ አስቀድመው "ዶንት ዲስተርብ" ያብሩ። ካስትና ዲኤልኤንኤ ላይ ይህ ችግር የለም።

ዘጌ ሄደን የቀረጽኩት ቪዲዮ ስልኬ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቲቪው ግን "ፎርማቱ አይደገፍም" ይላል።

ዲኤልኤንኤ ወይም ፍላሽ ሲጠቀሙ ፋይሉን የሚፈታው ቲቪው ነው። አዳዲስ ስልኮች ቦታ ለመቆጠብ ኤችኢቪሲ በሚባል አጨማመቅ ይቀርጻሉ፤ አይፎን ከ2017 ጀምሮ እንዲህ ነው። አሮጌ ቲቪ ይህን አያውቅም። ለሚቀጥለው ጉዞ አይፎን ላይ ካሜራ ሴቲንግ፣ "ፎርማትስ"፣ "ሞስት ኮምፓቲብል" ብለው ይቅረጹ፤ ሳምሰንግ ላይ በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ "ሃይ ኤፊሸንሲ" የሚለውን ያጥፉ። የተቀረጸውን ግን ስክሪን በመገልበጥ ያሳዩት፤ ያኔ የሚፈታው ስልኩ ነው።

ምስሉ መጥቶ ድምፅ ከሌለ ደግሞ ድምፁ ዲቲኤስ በሚባል መንገድ የተቀዳ ይሆናል። ሳምሰንግ ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስን አስወጥቷል። ከውጭ የመጣ ፊልም ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ እዚህም መፍትሔው ስልክ ላይ በቪኤልሲ ከፍቶ መገልበጥ ወይም ቪኤልሲ ያለው ቦክስ ነው።

የአማርኛው ሰብታይትል ቲቪ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የሚወጣውን ነገር በደንብ ይዩት፤ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው። ባዶ አራት ማዕዘኖች ከሆኑ ቲቪው የግዕዝ ፊደል በውስጡ የለውም ማለት ነው፤ በአማርኛ የሰየሙት ፋይል ስሙም እንዲሁ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ምልክት የተጫነባቸው የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ፊደሉ ሳይሆን የፋይሉ አቀማመጥ ነው የተበላሸው። ያኔ የሰብታይትሉን ፋይል (ስሙ በኤስአርቲ የሚያልቀውን) ኮምፒውተር ላይ በኖትፓድ ይክፈቱ፤ እዚያ አማርኛው በትክክል ከታየ "ሴቭ አዝ" ብለው ከታች ኢንኮዲንግ የሚለውን ዩቲኤፍ 8 ያድርጉት። ስሙም ከፊልሙ ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፣ ሁለቱም አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጡ።

ለሳጥኑ ግን ፋይሉን የፈለጉትን ያህል ቢያስተካክሉት ዋጋ የለውም፤ ፊደል የሌለው ቲቪ ፊደል አይወልድም፣ አብዛኛው ቲቪም ፊደል መጨመር አይፈቅድም። ጽሑፉን ሌላ ዕቃ ይሣለው። ፊልሙን ስልክ ላይ በቪኤልሲ ከነሰብታይትሉ ከፍተው ስክሪኑን ይገልብጡ፤ አንድሮይድም አይፎንም የግዕዝ ፊደል ስላላቸው ቲቪው ጽሑፉን የሚቀበለው ተስሎ ያለቀ ምስል አድርጎ ነው። አንድሮይድ ቦክስ ላይ ቪኤልሲ መጫንም ያው ነው።

በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የሚሆን ፊልም ከሆነና ደጋግመው የሚያዩት ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሰብታይትሉን ምስሉ ላይ ያትሙት፤ "በርን ኢን" የሚለውን ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ረጅም ፊልም በደከመ ላፕቶፕ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ማታ አስጀምረውት ይተኙ። ከዚያ ፋይሉን በፍላሽም በዲኤልኤንኤም የትኛውም ቲቪ ላይ ቢከፍቱት አማርኛው አብሮት ይሄዳል፤ ማጥፋት ግን አይቻልም፣ ስለዚህ ዋናውን ቅጂ አይሰርዙት።